የኮመጠጠው መሬት

ባሌ ሲሞት፣ ከአገና ከተማ ወረድ ብሎ ያለውን መሬት ሽማግሌዎች አካፈሉን። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጥቁር አፈር ለባሌ ታላቅ ወንድም፣ ከጅረቱ ማዶ ያለው ቀይ መሬት ለእኔ ደረሰ። ያን ጓሮ ያጠቆረው እኔ ከበረት እየዛቅሁ ለእንሰቱ የተሸከምኩት ፍግ ነው። ይህን ያነሳ ሽማግሌ አልነበረም። እኔም አላነሳሁትም። አልረሳሁትምም።

በቀዩ መሬት የዘራሁት ባቄላ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የባሌ ወንድም፣ ያ ሰውዬ፣ በየአዝመራው ብቅ እያለ፣ “መሬት እጅ ያውቃል፤ አርሼ ምርቱን እንድንካፈል በእኩል ስጪኝና ከተማ ገብተሽ ዕረፊ” ይለኛል። በእኩል የተሰጠ የመበለት መሬት ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም።

የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ ለመንኳትና መጣች። ከብት ከሚታሰርበትና አመድ ከሚደፋበት ርቀን፣ ከማሳው እዚህም እዚያም እየቆፈርን አፈሩን በንጹሕ ባልዲ ደባለቅን። ሰውየው አጥሩን ተደግፎ ሲያየን ቆየና፣ “ከእኔም ጓሮ ውሰዱ። የወንድ እጅ የነካው አፈር ምን እንደሚመስል ይታይ” አለ። ወሰድን።

የአፈር ምርመራው ውጤት ሲመጣ ባለሙያዋ ለሁለታችንም እዚያው አጥሩ ሥር ነገረችን። የእኔ መሬት ፒኤች የሚሉት ቁጥር ከአምስት በታች ወርዷል፤ ፎስፈረስም የለውም ማለት ይቻላል።

“እትዬ፣ አፈሩ ኮምጥጧል” አለችኝ።

ሰውየው ሳቀ። “ቆጮም ይኮመጥጣል፤ ስንበላው ኖርን አይደል?”

“ቆጮ ሲኮመጥጥ ይበላል ጋሼ፤ መሬት ሲኮመጥጥ ግን ባለቤቱን ይበላል” አልኩት።

የእሱ ጓሮ ደህና ነው። “ይሄ ዕድሜ ልኩን ፍግ የጠገበ አፈር ነው። ፍጉን ማን ነው የሚያወጣው?” ብላ ባለሙያዋ ጠየቀችው።

“ቤተሰቡ” አለ ወደ ጅረቱ እያየ።

ቤተሰቡ እኔ ነኝ።

ኮምጣጣ አፈር የሚያክም ኖራ አዘዘችልኝ። ዝናብ ሳይገባ በትኜ ከአፈሩ ጋር ሳሳርሰው፣ ጎረቤቶቼ “ግድግዳ መሰላት እንዴ፣ ልትለስነው ነው” እያሉ ተሳሳቁ። የላሜን ፍግም አሁን ጅረቱን አሻግሬ እሸከማለሁ። በዓመቱ እንደገና አስለካሁ። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ባቄላውም ጉልበቴ ድረስ ደርሶ አበባ ያዘ።

አበባው ሳይረግፍ ሰውየው ሽማግሌ ይዞ መጣ።

“ደክመሻል፤ ለእሱ በእኩል ብትሰጪው ምን አለበት?” አሉኝ ሽማግሌው።

“ደክሜያለሁ አባቴ። መሬቱ ግን ገና አልዳነም፤ እስኪድን የማስታምመው እኔ ነኝ። ሲድንም የማርሰው እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው ባቄላውን ዞረው አዩት፤ ከዚያ ሰውየውን “እንሂድ” አሉት። የዘንድሮውን ኖራ አስመጥቼ በሸራ ሸፍኜዋለሁ።