ኪስ የምትገባ ካሜራ

ሰባተኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ከጓደኛዬ ጋር ተከራይተን እንሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አረብ አገር ያለችው እህቱ አንዲት ካሜራ ላከችለት። መዳፉ ውስጥ ትጠፋለች። ሌንሷ ግን እንደ ትልቅ ካሜራ ይፈታል፣ ይቀየራል። "ለልጆች መጫወቻ ናት?" ብዬ ሳቅኩበት። ያነሳውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ሲያሳየኝ ሳቄ ቆመ። ሽፋሽፍት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅናት አንገበገበኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጉድለቷን መልቀም ሆነ። ባትሪዋ ግማሽ ቀን አይቆይም። ቁልፎቿ ለሕፃን ጣት የተሠሩ ናቸው። ሰርግ ቤት ደግሞ ሰው የሚያከብረው ግዙፍ ካሜራ ነው። እኔ የራሴን ከነረጅም ሌንሱ አንግቤ ስገባ መንገድ ይለቀቅልኛል፤ እሱን ግን አንድ ሽማግሌ "ዋናው ካሜራ መቼ ነው የሚመጣው?" ብለው ጠየቁት። የዚያን ቀን ምሳ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ያናደደኝ ጥቅሟን መካድ አለመቻሌ ነው። ገበያ መሃል ኪሱ ከቷት ይዞራል፣ ሌባ አያያትም። የኔ ካሜራ ከቦርሳው ብቅ ሲል ተሸካሚው ይገተራል፣ ሻጯ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ሊስትሮው ደረቱን ይነፋል። እሱ ሲያነሳ ማንም ከሥራው ቀና አይልም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ፎቶ ፈለገ። አባቴ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ የዕድር ጓደኛው ሲሞት ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሚቆም ፎቶ ጠፍቶ፣ የመታወቂያውን አስፍተው አቆሙለት፤ ፊቱ ጭጋግ ሆነ። አባቴ አፈረለት። "የኔን በቁሜ አዘጋጅልኝ፣ ፎቶ አንሺ ልጅ እያለኝ እንዲህ እንዳልሆን" አለኝ። ሙያዬን ከቁም ነገር ሲቆጥርልኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሰሌዳ እንዲይዝልኝ ጓደኛዬን ለምኜ አብረን ሄድን። አባቴ ካሜራዬን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ትንፋሹን ያዘ።

"አባዬ፣ ትንሽ ፈታ በል እንጂ።"

"ፈታ ብያለሁ!" አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

ብዙ አነሳሁት። ሁሉም ላይ ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስላል። በመጨረሻ በቃ ብዬው ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ኮቱን አውልቆ ወደ መዶሻው ተመለሰ። ጓደኛዬ ያቺን ካሜራ ከኪሱ አወጣ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምድጃ ከምን ቆርቆሮ ነው የወጣው?"

አባቴ ወሬ ጀመረ። ከምን እንደወጣ፣ ሻጩ ስንቴ እንዳታለለው፣ እሱም እንዴት እንደተበቀለው እያወራ በሳቅ ፈረሰ። ካሜራዋን አይቷታል፤ ስልክ መስላዋለች።

በሳምንቱ ሁለቱንም ፎቶ አስፍተን ወሰድንለት። እኔ ባነሳሁት ላይ ኮቱ አለ። ጓደኛዬ ባነሳው ላይ እጅጌው ተጠቅልሎ፣ ጉንጩ ጥላሸት ነክቶት፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል። አባቴ የኔን ረጅም ጊዜ አየና "ኮቱ አምሮብኛል" አለ። የሱን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ እኔ ነኝ። የምታቆመው ይሄን ነው፣ አደራ" አለኝ።

አባቴ ሲያርፍ፣ ድንኳኑ በተጣለ ቀን በእጄ ያቆምኩት ያንኑ ፎቶ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ እየገባ "ልጁ እንዴት አድርጎ ቢያነሳው ነው!" ይላል። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል፣ አንዴም አላረማቸውም። በዚህ ዝምታውም ቀናሁበት።