የአባቴ ጉድጓድና ሊሾው

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው የወላጆቼ ግቢ በር ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ግቢው ውስጥ አባቴ በጎልማሳነቱ የቆፈረው የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይመጣል። አባቴ ቡና ነጋዴ ነው። ሰው በንግዱ ሲያመሰግነው ዝም ይላል፤ በጉድጓዱ ሲያመሰግነው ግን ፊቱ ይበራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግቢውን ሊሾ አስደረገው። ከሰርቦ የሚያመጣው ቀይ ቡና መሬት ላይ ሲደርቅ አፈር አፈር እየሸተተ ገዢ ያሳጣው ነበር። እናቴም ከጭቃ ተገላገልኩ ብላ ደስ አላት። አባቴ ዝናቡ ወዲያው ወደ መንገዱ ቦይ እንዲወርድ ሲሚንቶውን ዘንበል አድርጎ አስለሰነው። ክረምት ላይ ደጃፉ ቆሞ ውሃው ተጠራርጎ ሲወጣ እያየ ይኩራራ ነበር። ጎረቤቶቹን እየጠራ ያሳያቸዋል። ሰፈራችን ደግሞ አንዱ ያደረገውን ሌላው ሳያደርግ አያድርምና፣ የአካባቢው ግቢ ሁሉ ተራ በተራ ሊሾ ሆነ።

በመጀመሪያው በጋ የባልዲውን ገመድ አስረዘምን። በቀጣዩ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። አባቴ «ዝናቡ አንሷል» ብሎ በሰማይ አላከከ። ያነሰ ዝናብ ግን አልነበረም። የምናወራው ስለ ጅማ ነው፤ እኔ በዚያ ክረምት ጃንጥላዬ ተሰባብሮ ሌላ ገዝቻለሁ።

ዘንድሮ ረመዳን የካቲት ላይ ዋለ፤ ጉድጓዱም ጭራሽ ደረቀ። አባቴ በሩን ዘጋው። ሰው መጥቶ ባዶውን ጉድጓድ እንዳያይበት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን አንኳኳች። «ሐጂ! ኤሳ ጅርቱ? የት ናችሁ? ምነው በሩን ዘጋችሁት፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» አባቴ ለእናቴ በጣቱ ዝም በይ የሚል ምልክት ሰጣት። የለም አስብሎ እንዳያስዋሽ ጾም ነው። ተናደድኩበት፤ ደግሞም አንጀቴን በላው። ሴትየዋ ትንሽ ቆማ ሄደች።

ልናፈጥር ትንሽ ሲቀረን በሩን ስከፍት ቢጫ ጀሪካኗ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሙሉ ነበር። ለካ ከአጥሩ ማዶ ሆና ባልዲያችን ከደረቀው የጉድጓዱ ወለል ጋር ሲጋጭ ስትሰማ ሰንብታለች።

አባቴ በዚያ ውሃ ለሰላት ውዱእ አደረገ። ከእግሩ የወረደው ውሃ ሊሾው ላይ ፈሰሰና ወደ ቦዩ መንገዱን ያዘ። በዓይኑ እስከ በሩ ሸኘው።

«ወላሂ፣ አንዲቷንም ጠብታ መሬቱ አልጠጣትም» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጉድጓዱን የሚሞላው እኮ መሬቱ የጠጣው ነው። እኔ አፉን ደፈንኩት።»

በማግስቱ ሠራተኛ ቀጥሮ የሊሾውን ግማሽ አስፈነቀለ፤ ግማሹን ለቡናው ተወ። ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ የሚሰርግበት ጉድጓድም ከውሃው ጉድጓድ ራቅ አድርጎ አስቆፈረና በድንጋይና በጠጠር ሞላው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ውሃ አልመጣም። ውሃ አፈር ውስጥ እንደ ቧንቧ አይሮጥም፤ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከፊታችን ያለውን ክረምት በሙሉ መጠበቅ አለብን።

«እስከዚያ በሩ ተዘግቶ ሊቆይ ነው?» አለችው እናቴ።

አባቴ የጎረቤታችንን ጀሪካን አጥቦ ይዞላት ሄደ። «ውሃ የለኝም፤ ጉድጓዱን ያደረቅኩት እኔው ነኝ» ሲላት ከደጃፋችን ሆኜ ሰማሁት። ሲመለስ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና እንዳይዘጋ ከተፈነቀለው ሊሾ አንዱን ስባሪ አስደገፈው።