ከማጣሪያው በታች ያለው ጉድጓድ

በመምህርነት ተመድቤ ሐረር ስመጣ የተከራየሁት ቤት ከፈላና በር ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከበላያችን ኮንዶሚኒየም አለ፤ በእነሱና በእኛ መሃል ደግሞ ፍሳሻቸውን የሚያጣራ፣ በሽቦ የታጠረ አነስተኛ ጣቢያ። ቧንቧው ከሚመጣበት የሚጠፋበት ቀን ስለሚበዛ የምንጠጣው ከግቢው ጉድጓድ ነበር። የቆፈሩት ሟቹ የአከራዬ ባለቤት ናቸው። አከራዬ ውሃ በቀዱ ቁጥር «አላህ ይርሐመው» ሳይሉ ባልዲውን አያወጡም።

ክረምት ነው፤ ሲዘንብ አድሮ ነጋ። ልጄን ቁርስ አብልቼ፣ ውሃ አጠጥቼ ጸጉሯን እየሠራሁ ሳለ በሩ ተደበደበ። የማጣሪያው ዘበኛ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል።

«ከጉድጓዱ እንዳትጠጡ! ፓምፑ ቆሞ ገንዳው ሞልቶ ፈሷል። የወረደው ወደ እናንተ ነው።»

ልጄን አየኋት። ባዶው ኩባያ ጭኗ ላይ ነው።

አከራዬ ከክፍላቸው ብቅ ብለው ሰምተዋል። «እኔም ጠጥቻለሁ። አይዞሽ ልጄ፣ አላህ ይጠብቀናል» አሉኝ።

ሐኪም ቤት ልውሰዳት ብዬ ተነሣሁ፤ ግን ምን ብዬ? ምንም አልሆነችም፣ እየተጫወተች ነው። ሆዷን እዳስሳለሁ፣ ግንባሯን እነካለሁ፣ «ያምሻል?» እላለሁ። በመጨረሻ ሰልችቷት «እማዬ፣ ተይኝ በቃ!» አለችኝ። አተት የሚለውን ቃል ለመጥራት ፈርቼ ዋልኩ፤ ብጠራው የሚመጣ መሰለኝ።

በማግስቱ የታመሙት አከራዬ ናቸው። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ባጃጅ አስቁሜ፣ ልጄን አቅፌ፣ እሳቸውን ደግፌ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የያዝኩት እጃቸው ቀዝቅዟል። ዓይኔ ግን ከልጄ ላይ አልነቀል አለ፤ ተራው የእሷ መስሎኝ።

ነርሷ ግሉኮስ ሰክታላቸው ወደ እኔ ዞረች።

«ሕፃኗስ?»

«ጠጥታለች» አልኳት።

«ተቅማጥ ከጀመራት ሳትውዪ ሳታድሪ አምጫት።»

አልጀመራትም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ለምን እንደተረፈች እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አከራዬም አገግመው ቤታቸው ገቡ።

የውሃ ጥራት ባለሙያዎች መጥተው ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ውሃው ተበክሏል፣ ጉድጓዱ ይዘጋ ተባለ። አከራዬ ግን አልተቀበሉም። አንድ ጠዋት ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ሲያወርዱ ደረስኩባቸው።

«ባሌ በእጁ የቆፈረው ውሃ እኔን አይጎዳኝም» አሉ።

«እማማ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ።»

ገመዱን ማውረድ አቆሙ። ከዚያ ባልዲውን ባዶውን ስበው አወጡና ገመዱን ፈትተው ሰጡኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ስናስደፍን ከክፍላቸው አልወጡም።

አሁን በቦቴ ከሚመጣው ውሃ እየቀዳን፣ አፍልተን እንጠጣለን። ፓምፑም ተጠግኗል ይላሉ። ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ግን ደጅ ቆሜ ሽቅብ ወደ ማጣሪያው አዳምጣለሁ፤ ይሥራ አይሥራ ለመለየት። ከዝናቡ ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም።