የቴክሳስ ናፍጣ በዋዮሚንግ ብርድ

አገሬን በለቀቅሁበት ምሽት ቦሌ ያደረሰኝ ታክሲ አይደለም፤ ተሳቢው የተፈታለት የጭነት መኪና ነው። የጅቡቲ መስመር ጓደኞቼ አምስት ሆነው ጋቢናው ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ የቀሩት ከኋላ ተንጠልጥለው እየዘፈኑ ሸኙኝ። ዘበኛው «ይህን ይዛችሁ ወዴት?» ቢል አንዱ «የሱ ሻንጣ ነው» አለው። ከዚያ አለቃዬ የነበሩት ሰውዬ እጄን ይዘው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ይልማ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳልኝ አንድ ቀን ናፍጣዬን ቀሽቦ አያውቅም» አሉ። ዲቪ ሲደርሰኝ ያላለቀስኩት ሰውዬ፣ ባለቤቴን የቀበርኩበትን አገር ስለቅ አንጀቴን አስሬ የቆየሁት፣ በዚህች ቃል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

መንገዱን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። አንዳንዱ ሾፌር ሚሌ ላይ ቆሞ ናፍጣውን ቀድቶ ይሸጥና በምትኩ ርካሹን ነጭ ጋዝ ይሞላበታል፤ መቀሸብ የምንለው ይህንን ነው። መኪናው ለጊዜው ይሄዳል፤ ውሎ አድሮ ግን ፖምፓው ይበላል፣ ባለ መኪናው ያለቅሳል። እንግዲህ ናፍጣ ላይ ሌላ ነገር የሚጨምር ሰው ለኔ ሌባ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ይህን እምነቴን ይዤ ዳላስ ገባሁ።

ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ ከየአገሩ የተሰደደ ሰው እንደ ንብ የሰፈረበት አፓርታማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አገር ቤት ዶፍ በሚወርድበት በነሐሴ እዚህ አስፋልቱ እንደ ሚሌ ይጋግራል። ሙቀቱን ለኔ ተዉት፣ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ስኳር የተነሰነሰበት የሚመስለውን ዳቦና ደረጃ ላይ ተገናኝቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጎረቤትን ነው። ሰላም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ከላይ ፎቅ የሚኖረው ሔኖክ ነበር። የጎንደር ልጅ ነው፣ ሱዳን ካምፕ ውስጥ አድጎ በስደተኛነት የመጣ፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተናውን ጥያቄ በጥያቄ እየተረጎመ ያስጠናኝ እሱ ነው። በመጨረሻ ተዳብለን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛን፤ እሱ ያነባል፣ እኔ እነዳለሁ እንባባል ነበር።

መኪናዋን ግቢ ውስጥ ባቆምኩ በማግስቱ የአፓርታማው ማናጀር በሬን አንኳኳች፤ ሔኖክም እኔ ዘንድ ነበር።

«ሚስተር ይልማ፣ ውጭ ያለው ምንድን ነው?»

«መኪናዬ።»

«የኪራይ ውልህ ላይ የተፈቀደልህ አንድ መኪና ነው።»

«ታዲያ አንድ አይደለም እንዴ?»

«ስድስት ቦታ ይዟል!»

ሔኖክ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ካላነሳችሁ ቶው አስደርገዋለሁ እያለች ነው» አለኝ።

«እሱን የሚጎትት ካገኘች ስልኩን ለኔም ትስጠኝ በላት» አልኩ።

ሔኖክ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ አወራት፤ ሴትየዋ ፊቷ ፈታ ብሎ ሄደች። «ምን አልካት?» ስለው «ይቅርታ ጠየቅሁልዎት» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነው።

በመጣሁ በሁለተኛው ጥር ከፎርት ወርዝ ጎማ ጭነን ወደ ዋዮሚንግ ልንወጣ ሆነ። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ በሸሚዝ ነው የቆምነው። ሁለቱንም የናፍጣ ታንከር እስከ አፉ ሞላሁ። ሔኖክ ከማደያው ሱቅ አንድ ነጭ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄንን አሁን ነው የምንጨምረው። ማለቴ፣ ናፍጣው ሞቅ እያለ። ከረጋ በኋላ ዋጋ የለውም ይላል ጽሑፉ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አዲቲቭ ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፣ ሲበርደው ይረጋል። ሶ ባለ ሱቁን ጠየቅሁት፤ አንዱ ዓይነት የሞተሩን ኢንጀክተር ለማጠብ ብቻ ነው፣ ቀዩ ጠርሙስ ከረጋ በኋላ የሚጨመር ነው፣ ይሄ ግን ቀድሞ የሚከላከል ነው። ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ ነምበር ዋን እንቀላቅልበታለን።»

«ነምበር ዋን ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጁ ትንሽ አመነታ። «ያው… እንደ ነጭ ጋዝ ነው፣ ጋሼ።»

ደሜ ፈላ። ማደያው መሐል ቆሜ ጮኽኩበት። «በኔ መኪና? ነጭ ጋዝ? በስተርጅና ቀሻቢ ልታደርገኝ ነው?» ጩኸቱን የሰማው ባለ ሱቁ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ፣ ብቅ ብሎ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። ሔኖክ ነገረው።

«በዚህ ናፍጣ? ይሄ ለቴክሳስ አየር ነው» አለ ሰውየው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ በለው» አልኩ።

«የት?»

«በበረሃ።»

ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ። «በረሃ ላይ ናፍጣ ረግቶበት ያውቃል?» አለ። የሳቀብኝ ፈረንጅ ትክክል መሆኑን ሆዴ ሳያውቀው አልቀረም፤ ግን መሳቁ ባሰብኝ። «ዕቃውን መልስለት» አልኩት ሔኖክን። «እሺ ጋሼ» ብሎ መለሰ። ያን «እሺ» ዛሬም እሰማዋለሁ።

ዋዮሚንግ የገባነው በማግስቱ ጠዋት ነው። በረዶው ሜዳውንም ሰማዩንም አንድ አድርጎታል፣ ነፋሱ መኪናዋን ይገፋታል። አንድ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፣ ሳል ሳል አላትና ጠፋች። ሞተር ሲጠፋ ማሞቂያውም ጠፋ። ደውለን ነበር፤ የተበላሸ መኪና የሚጎትቱት ሰዎች «አራት ሰዓት ያህል ጠብቁ» አሉን። ሔኖክ መለዋወጫ የናፍጣ ፊልትሮ ይዞ ወረደ። እኔ ጋቢና ሆኜ እሱ ምልክት ሲሰጠኝ ማስነሳት ነበር ሥራዬ። አሮጌውን ፊልትሮ ፈትቶ በመስኮት አሳየኝ፤ ውስጡ ያለው ናፍጣ እንደ ቅቤ ረግቷል።

አዲሱ ፊልትሮ በጓንት አልገባለት አለ። ጓንቱን አወለቀ። ናፍጣው በሁለት እጁ ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ተነሣ፣ ደስ አለን፣ ትንሽ ቆይቶ ከታንከሩ የመጣው ያው የረጋ ናፍጣ ዘግቶት እንደገና ጠፋ። «ጋሼ፣ አንዴ ልሞክር» ብሎ ተመልሶ ወረደ። ግባ አላልኩትም። ግባ ማለት ነበረብኝ፤ ግን መኪናዋ ብትነሣ ጥፋቴ የሚሰረዝ መስሎኝ ቁልፉን ይዤ ምልክቱን ጠበቅሁ። የመንገድ ፖሊስ ደርሶ ሲያነሣን የሔኖክ ቀኝ እጅ እንደ ሻማ ነጥቶ ነበር። «አያመኝም» አለኝ። አለማመሙ ነበር ክፉው።

ሆስፒታል አንዲት ነርስ ፎርም ይዛ መጣች።

«ምኑ ነህ? አባቱ?»

«አይደለሁም።»

«ወንድሙ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኑ ነህ?»

«ጋሼው ነኝ» አልኩ።

ፎርሙን ላይ ታች አየችው፤ እንዲህ የሚል ሳጥን የለውም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ሐኪሙ በአስተርጓሚ ስልክ አስረዳኝ። ናፍጣ የነካው እጅ ከደረቅ እጅ ቀድሞ በረዶ ይበላዋል አለ። ቀናት ጠበቁ፣ ሳምንታት ጠበቁ፤ በመጨረሻ ከቀኝ እጁ አራት ጣት ቆረጡ። አውራ ጣቱ ብቻ ቀረ።

እናንተ መሪ ጨብጣችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ ይህን ስሙኝ። ጠርሙሱ ለብርድ መሆኑን አስነብባችሁ አረጋግጡ፤ ሞተር ያጥባል የሚለው ከብርድ አያድናችሁም። ናፍጣው ሳይቀዘቅዝ ጨምሩት። ወደ ብርድ አገር ስትሄዱ ከሞቃት አገር የቀዳችሁትን እስከ መጨረሻው አትጎትቱ፤ እየሄዳችሁ እዚያው ቅዱ፣ እነሱ ለራሳቸው ብርድ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ነጭ ጋዝ እዚህ በልኩና በቦታው መድኃኒት ነው። አገር ቤት ሌብነት የሆነው ሁሉ እዚህ ሌብነት አይደለም። እኔ ይህን ያወቅሁት በሰው ጣት ነው።

መኪናዋን ሸጥናት። ሔኖክ አሁን እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ማዕድ ስናቀርብ እንደ ፈረንጅ ለብቻዬ በሳህን ይሁንልኝ ይላል፤ በግራ እጁ ከሰው ጋር ትሪ መንካት ነውር ሆኖበት። ላጎርሰው ስል «ኦኬ፣ አንድ ብቻ» ይለኛል፣ እንዳያሳፍረኝ። አንድ ቀን በቁጣ ቢሰድበኝ ምንኛ ባረፍኩ ነበር። አንድም ቀን አልሰደበኝም።

ባለፈው እሑድ ጎንደር ላሉት እናቱ ደወለ። የጣቱን ነገር እስከዚያ ቀን ደብቋቸው ነበር። መኝታ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየና ወጥቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። «እናቴ ልታናግርዎት ትፈልጋለች» አለ፣ አይኔን ሳያይ።

«ወንድሜ አቶ ይልማ፣ ልጄ ሁሉንም ነገረኝ» አሉ እናቱ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እርግማናቸውን ነበር የጠበቅሁት።

«እርስዎ የናፍጣውን መድኃኒት ጨምርበት ብለው ሲመክሩት እምቢ ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። ቃልዎን አልሰማም። አባት ሳያውቅ ያሳደግሁት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅ ነውና ይቅር ይበሉት።»

ሔኖክን አየሁት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሦስት ቃል ይበቃው ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ስሜን ግን አሰብኩ።

«ስለ እመቤቴ ብለው፣ ይቅር ብዬዋለሁ ይበሉኝ» አሉ እናቱ እያለቀሱ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አልኳቸው።

«መስመሩ ይቆራረጣል፣ አልሰማሁዎትም፤ ይድገሙልኝ።»

ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው።