ባሌ የሠራው የትራፊክ መብራት

ጂንካ አስፋልት ከመግባቱ በፊት መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ የሚያይ ሰው አልነበረም። መኪና ሲመጣ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል፣ ከዚያ አቧራው ይታያል፣ መኪናው ራሱ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። እኔ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ከወላጆቼ ጋር ከጎፋ መጥቼ እዚህ ያደግሁ ሰው ነኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ያኔ ከተማው መሀል ያለ ሣር ሜዳ ስለነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው እሱን አቋርጠን ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዘበኛው እኛንና ከብቶቹን አንድ ላይ ያባርረን ነበር። ካደግሁ በኋላ ስፌት ተምሬ፣ መንገዶቹ በሚገናኙበት ቦታ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ።

ባሌ የአሪ ልጅ ነው። መንደራቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ ብቻቸውን ናቸው። ኮረሪማና ጎደሬ ተሸክመው ጂንካ ገበያ እየወረዱ፣ በዚያ ሽያጭ አስተማሩት። አርባ ምንጭ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ተመለሰና እዚሁ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ሆነ። ተዋውቀን የተጋባነው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሆነን ነው። ሁለት ሴት ልጆች ወለድን።

አስፋልቱ ሲገባ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ ወደ ታች ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርደው ከባድ መኪና፣ ሁሉም በእኔ ሱቅ በር ነው የሚያልፈው። ማን ቀድሞ ይለፍ የሚለው ነገር በጥሩምባ ነበር የሚወሰነው። ከቱርሚ በኩል ቱሪስት የጫኑ መኪኖች በደረሱ ቁጥር መገናኛው ይዘጋል፤ እኔም ከደንበኛዬ ጋር ጮኼ ነበር የማወራው።

በዚያ ዘመን ባሌ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰና ስለ ትራፊክ መብራት እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላወራም። የሥልጠናውን ጉዳይ እንኳ ስጠይቀው ብቻ ነበር የሚነግረኝ። በተሳፈረበት ታክሲ ውስጥ ሆኖ ያየው ነገር ነው የገረመው። አንዱ መብራት ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ ቀዩ መቼ እንደሚለቀው ስለማያውቅ ነዳጅ እየረገጠ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ ፊቱ ያለውን ሰው እየሰደበ ቆየ። ሌላው መብራት ጋ ግን የቀረው ሴኮንድ በቁጥር እየተጻፈ ወደ ታች ይቆጥራል። ያው ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ውኃ ጠጣ፤ ከረዳቱ ጋር ተሳሳቀ።

«ሰውዬው አልተለወጠም» አለኝ። «ስንት እንደቀረው ስላወቀ ብቻ ነው የተረጋጋው።»

በዚያው ሰሞን ለእኛ መገናኛ መብራት ያስፈልጋል ይባል ስለነበር ማሠልጠኛውን አስፈቅዶ እኔ እሠራዋለሁ አለ። ፈቀዱለት። የሚበዛውን ሥራ የሠራው እኛ በረንዳ ላይ ነው። ቁጥሮቹን በትናንሽ አምፖሎች ደርድሮ፣ በቀዩም በአረንጓዴውም ላይ የቀረውን ጊዜ እንዲያሳዩ አደረጋቸው። ልጆቼ እየተሯሯጡ አብረውት ይቆጥሩ ነበር።

አማቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ እኛ ዘንድ ሳይገቡ አይመለሱም። ፊደል አልቆጠሩም፤ አማርኛም የሚችሉት ለገበያ የሚሆነውን ያህል ነው። በረንዳው ላይ ቁጥሩ ሲበራ ባዩ ጊዜ ምንድነው ብለው ጠየቁ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ በአሪኛ አስረዳቸው፤ ቁጥሮቹንም አስተማራቸው። መብራቱ የሚቆጥረው ወደ ኋላ ስለሆነ እሳቸውም የለመዱት ከዘጠኝ ወደ አንድ ነው። ልጆቼ ከአንድ ጀምሪ ሲሏቸው ይጠፋባቸውና ሳቃቸው ይመጣል። እሱ ደጋግሞ የነገራቸው አንድ ነገር ነበር። የመኪኖቹ መብራት ቀይ ሲሆን ተሻገሪ፤ እስከዚያ ግን ቆመሽ ጠብቂ።

መብራቱ የተተከለ ዕለት ብዙ ሰው ወጣ። ኃላፊዎች ንግግር አደረጉ፤ አማቴ ነጠላቸውን አጥበው ለብሰው መጡና ከፊት ቆሙ። ከዚያ በኋላ መገናኛው ጸጥ አለ። የባጃጅ ሾፌሮች ቀዩ ላይ ሲቆሙ ወደ ሱቄ እየዞሩ ለባሌ ሰላምታ ይልኩለት ነበር። ኢንጂነሩ እያሉ ነበር የሚጠሩት። እንደዚያን ወራት ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ግን ሌላ ነገርም መጣ። ቀዩ ላይ ያለው ቁጥር ሾፌሩን ሲያረጋጋው፣ አረንጓዴው ላይ ያለው አስቸኮለው። ከሩቅ የሚመጣው ሾፌር አራት ወይም ሦስት መቅረቱን ሲያይ ከመቆም ይልቅ ነዳጅ ይረግጣል። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለምውል አየሁትና አንድ ቀን እራት ላይ ነገርኩት። እሱም አይቶታል።

«አረንጓዴው ላይ ያለውን ለምን አታጠፋውም?» አልኩት።

«ሰዉ ገና እየለመደ ነው። ትንሽ እንየው» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያካፋ ነበር። አማቴ ኮረሪማቸውን ሸጠው፣ ጨውና ሳሙና ገዝተው፣ ወደ እኔ ሊመጡ ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። በሱቁ በር አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝና እጃቸውን አነሱልኝ። አልተሻገሩም፤ ቁጥሩን ቀና ብለው እያዩ ጠበቁ። አልቆ ቀዩ ሲበራ ከጠርዙ ወረዱ። ከላይ የሚመጣው የጭነት መኪና ግን እደርሳለሁ ብሎ ፍጥነት ጨምሮ ነበር። ፍሬኑን ሲይዝ አስፋልቱ እርጥብ ነውና መኪናው አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ጫማዬ አንዱ ወልቆ እንደሮጥኩ፣ ሰዎች በባጃጅ አሳፍረዋቸው ጭንቅላታቸውን እቅፌ ላይ ይዤ እንደሄድኩ ነው የማውቀው። ሲናገሩ ነበር፤ በአሪኛ ስለሆነ አልገባኝም። ባሌ ሐኪም ቤት ሲደርስ ገና ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰማቸው፤ አንድ ነገር መለሰላቸው። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ምን እንዳሉት የነገረኝ ከቀብሩ በኋላ ነው።

«ቀይ ነበር አለችኝ። ቆሜ ጠብቄአለሁ አለችኝ። የተቆጣኋት መስሏታል።»

የቀበርናቸው መንደራቸው ነው። መዘምራኑ በሁለቱም ቋንቋ ዘመሩ፤ ባሌ አልዘመረም። ሰው እንዲያለቅስ ቢያባብለውም አላለቀሰም።

ሾፌሩ ታስሮ ከቆየ በኋላ ጉዳዩ በሕግ ታየ። ከዚያ ሽማግሌዎች ለእርቅ አገናኙን። ሾፌሩ መካከለኛ ዕድሜ ያለው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። እሱም እናት እንዳለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ መያዝ እንዳስጠላው ተናገረ። ሽማግሌዎቹ እንዴት ቀዩን ጥሰህ አለፍክ ብለው ሲጠይቁት መሬት መሬት እያየ መለሰ።

«ቁጥሩን አይቼ ነው። ሦስት ይል ነበር፤ ይበቃኛል ብዬ ነው።»

ባሌ ያኔ ብድግ አለ። ሊመታው ነው ብለው የፈሩ ነበሩ። እሱ ግን አጠገቡ ሄዶ እጁን ያዘው።

«ቁጥሩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለው።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ አይባልም ብለው ገሠጹት። ፓስተራችንም ቤት ድረስ እየመጣ አነጋገረው። እኔም ጥፋቱ የአንተ አይደለም፣ ፍጥነት የጨመረው ሌላ ሰው ነው እያልኩ ለመንኩት። ያዳምጠኛል፤ ስጨርስ ተነሥቶ በረንዳው ላይ ይቀመጣል።

መብራቱ እንዲወርድ ጠየቀ። ሰዉ ስለለመደው ብዙዎች አልወደዱም፤ እሱ ግን አሳምኖ አስወረደው። ከዚያ እንደገና ሊሠራው ቁጭ አለ። በዚህኛው ቀዩ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ተወውና አረንጓዴውን ባዶ አደረገው። አንደኛው ጎን ቀይ ከሆነ በኋላ ሌላው ቶሎ እንዳይለቀቅ፣ በአራቱም አቅጣጫ ቀይ የሚሆንበት ትንሽ ፋታ ጨመረበት። እግረኛውም መኪኖቹ እስኪቆሙ እንዲጠብቅ፣ ለእሱ ብቻ የሆነ ምልክት ዘግየት ብሎ እንዲበራ አደረገ። ልጆቼ እንደበፊቱ አጠገቡ ሄደው አልቆጠሩም። እሱም አልጠራቸውም።

አዲሱን መብራት ያቆሙት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እሱ ዕቃውን በጋሪ አስጭኖ ላከላቸው እንጂ አልመጣም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቦታ ሰው አልተገጨም። ይህንን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

በመጀመሪያ የእናቴን ማሳ አይቼ ልመለስ ብሎ ነበር የሄደው። ኮረሪማው የሚለቀም ሰሞን ስለነበር እውነት መሰለኝ። ከዚያ አጥሩን ላጥብቅ አለ፤ ከዚያ እንሰቱን። ሥራውን ለቀቀ። መሣሪያዎቹን ለተማሪዎቹ አከፋፈለ። አልተጣላንም፤ ጉዳያችን ሽማግሌ ፊት አልቀረበም። ሰው ባልሽ የት ነው ሲለኝ መንደር ነው እላለሁ፤ ያም እውነት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሳሙናና ስኳር ይዤ እወጣለሁ። ጎደሬ ቀቅሎ ያቀርብልኛል። ስለ ልጆቹ ይጠይቀኛል። ስለ ከተማው ግን አይጠይቀኝም።

እኔም ሱቁ ውስጥ ብዙ አልቆየሁም። ፍሬን በተያዘ ቁጥር እጄ መርፌው ሥር እየገባ አስቸገረኝ፤ ወደ ውስጥ ሠፈር ገብቼ ሌላ ተከራየሁ።

ዓመታት አልፈው በቅርቡ መንገዱ ሲሰፋ መብራቱን ነቀሉት። ይህን ሲሰማ ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረኝ መሰለኝ፤ እሑድን ሳልጠብቅ በሞተር ወጣሁ። ማሳው ውስጥ አገኘሁትና ነገርኩት። አሁን ሰው እንዴት ነው የሚሻገረው አለኝ። ለጊዜው ትራፊክ ፖሊስ ቆሞበታል አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለ።

«ታዲያ ወደ ቤት አትመጣም?»

«እሷን የላክኋት እኔ ነኝ። ቆመሽ ጠብቂ፣ ቀይ ሲሆን ተሻገሪ ብዬ እኔ ነኝ የላክኋት። አንቺ እኮ ምንም አላደረግሽኝም። ግን እዚያ መንገድ ላይ እግሬ አይሄድም።»

ትልቋ ልጃችን ያን ሰሞን ልትመረቅ ነበር። ለእሷ ስትል ለአንድ ቀን ብቻ ውረድ ብዬ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። በጣም ስለከሳ የድሮ ልኩ እንደማይሆነው አይቼ፣ ሜትር ስላልያዝኩ በስንዝሬ ለካሁት። ትከሻው ላይ እጄን ሳሳርፍ ብዙ ጊዜ እንዳልነካሁት ተሰማኝ። እሱም ዝም ብሎ ቆመልኝ።

ነጭ ሸሚዝ ሰፋሁለትና ገበያ ከመጡ የመንደሩ ሴቶች ጋር ላክሁለት። የምረቃው ቀን እኔና ታናሿ ልጄ በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ገባን። ትልቋ ልጄ ስሟ ተጠርቶ ስትወጣ ወደ እኛ አየች፤ ከዚያ በአጠገባችን ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየች።

ከዚያ ወዲያ አንዲት የመንደሩ ሴት ገበያ ላይ አግኝታኝ ነገረችኝ። በዚያን ዕለት ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ኮረኮንቹ ከአስፋልቱ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ወርዷል። ባጃጆች ቆመውለት ነበር። አንዳቸውም ላይ ሳይሳፈር ሲያልፉ ሲያልፉ አይቶ፣ ከዚያ በመጣበት ተመለሰ።

ለልጄ ይህን አልነገርኳት። አባትሽ አሞት ነው አልኳት፤ እሷም እግዚአብሔር ይማረው ብላ አባቷን ልትጠይቅ ወደ መንደር ወጣች።