በሰባተኛው ፎቅ ያሉ የተረት ሥዕሎች

ስቶክሆልም ዳር ዩልስታ ሰፈር፣ ወይዘሮ ብርቅአየሁ የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍቱ ከተበላሸ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነው። ቤታቸው ሰባተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይችልም። ልጃቸው ርብቃ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ታመጣለች። በሌላው ቀን የሰው ድምፅ የሚሰሙት በስልክ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ብርቅአየሁ በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ላይፕዚግ ተልከው የመጽሐፍ ሥዕል ኅትመት ተምረዋል። ኋላ ስቶክሆልም መጥተው ያገኙት ሥራ ግን ቢሮ ማጽዳት ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከጀርመን የቀራቸው አንድ ማኅደር ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የታተሙ የጀርመን ተረት ሥዕሎች አሉበት።

ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ በየቀኑ በአጉሊ መነጽር ያዩዋቸዋል። ተኩላ፣ ጫካ፣ በረዶ። በአንደኛው ሥዕል አንዲት ልጅ ከግንብ አናት በመስኮት ቁልቁል ታያለች። ተማሪ ሳሉ የወደዱት ሰማዩን ነበር፤ ሰማያዊው ቀለም ብቻ በሦስት የማተሚያ ድንጋይ እንደታተመ ለጓደኞቻቸው ያስረዱ ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ሌላ ነገር አዩ። ሠዓሊው ለግንቡ በር አልሳለለትም።

ማኅደሩን ዘጉ፤ ካፖርታቸውን ለበሱና ወጡ።

የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቀስ እያሉ ወረዱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቁጭ አሉ። መውረድም መውጣትም አቃታቸው። የደረጃው መብራት ሰዓቱ ሞልቶ በራሱ ጠፋ። መጀመሪያ በስዊድንኛ፣ ኋላ በአማርኛ ተጣሩ።

አንድ በር ተከፈተና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ሊፍቱ ተሠራ እንዴ?» አሉ በአማርኛ።

«አልተሠራም። ሀበሻ ነዎት?»

«ባርናባስ እባላለሁ። ከገና ወዲህ ደጅ አላየሁም። ላነሳዎት አልችልም፤ ውሃ ግን ላምጣልዎ።»

አንድ ሕንፃ ውስጥ አራት ዓመት ኖረው አይተዋወቁም ነበር። ርብቃ ተደውሎላት ከባሏ ጋር እስክትመጣ ደጃፉ ላይ ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ ርብቃና ባሏ ወይዘሮ ብርቅአየሁን በወንበር ተሸክመው ወደ ላይ መለሷቸው።

«ቫርፎር፣ ማማ? ለምን ወጣሽ?» አለች ርብቃ እያለከለከች፣ ስዊድንኛ ከአማርኛ እየቀላቀለች።

«ቤቱ ጠበበኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ብርቅአየሁ በየቀኑ ለጋሽ ባርናባስ እየደወሉ አንድ አንድ ሥዕል ይተርኩላቸው ጀመር። «ከዚያስ?» ይላሉ ጋሽ ባርናባስ።

ሊፍቱ በሚያዝያ ተሠራ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ግን ዳግም መውጫ እንዳያጡ ምድር ቤት እንዲሰጣቸው አከራዩን ድርጅት ጠየቁ። ወረፋው ስምንት ዓመት ነው ተባሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የወረፋ መመዝገቢያ ቅጹን ፈርመው ላኩ።