አባቴ በሰንጠረዡ ግራ በኩል

ለማስተማር ልምምድ ሞጣ ስመደብ መጀመሪያ የደረሰኝ ምዕራፍ «ባህላዊና ዘመናዊ ትምህርት» የሚል ነበር። መጽሐፉ ነገሩን በሰንጠረዥ ለሁለት ከፍሎታል። በግራ በኩል ባህላዊው፦ ሽምደዳ፣ ዱላ፣ ጥያቄ የማይፈቀድበት። በቀኝ በኩል ዘመናዊው፦ ውይይት፣ ፈጠራ፣ ነፃነት። አባቴ ቢቸና አጠገብ ቅኔ ያስተምራሉ። እንዳለ ባስተምረው አባቴን በሌላ ሰው ልጆች ፊት መስደብ መሰለኝ። ባላስተምረው ደግሞ የሚገመግመኝ መምህር ከኋላ ተቀምጧል፤ ያለ እሱ ፊርማ ምረቃ የለም።

ያናደደኝ ውሸቱ ነው። ቅኔ ቤት የሌላውን የደገመ ተማሪ መሳቂያ ነው፤ በየቀኑ የራሱን አዲስ ማምጣት አለበት። እኔ ግን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ኖት ስገለብጥ ነው የኖርኩት። ኮሌጅ ገብቼ ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ የተማርኩትም መምህሩ ስላይዱን ሲያነብልን ቁጭ ብዬ በመስማት ነው።

ሰንጠረዡን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ። አላስቻለኝም። ጠመኔውን አስቀመጥኩና ስለ ቅኔ ቤት ነገርኳቸው፤ ተማሪው ዛፍ ሥር ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ እንደሚውል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰበውን እንደሚያሰማ። ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር። ገምጋሚዬ ሰዓቱን አየ።

መስኮቱ ሥር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሴትም ትማራለች?»

«የተማሩ ነበሩ ይባላል፤ ጥቂት ናቸው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አልተማርኩም» አልኳት። ልጅቷ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔም ወደ ሰንጠረዡ ተመለስኩ፤ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ምን ብዬ እንደጨረስኩት አላውቅም።

ከትምህርት ቤቱ እንደወጣሁ ወደ አባቴ ደወልኩ። ቆሜ ማውራት አቅቶኝ መንገዱ ዳር ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ባጃጆቹ ጡሩንባ ይነፉብኛል። አባቴ ከየአገሩ የመጣውን የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ አስተምረዋል። እኔ ለእነዚያ ተማሪዎች ውሃ እየቀዳሁ፣ የሚሉትን ከአጥር ወዲህ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አንዳንዱን ስሰማ እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር እል ነበር፤ ለራሴ ብቻ።

«አባባ፣ እኔን ለምን አላስተማሩኝም?»

 

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ጠይቄያቸው አላውቅም። አትጠይቂ ያለኝ ሰው የለም፤ እንደማይጠየቅ ግን አውቅ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

«አሁን ብጠይቅዎትስ?»

ሳቁ። «አሁንማ ምን ትሠሪበታለሽ፣ ልጄ? አንቺ እኮ አስተማሪ ሆነሻል» አሉኝ።

በእኔ ኮርተው ነው ያሉት። የባሰ ያንገበገበኝም እሱ ነው።